60 ጽሑፍ አውጥቼ ጉግል የተቀበለኝ 11ዱን ብቻ ነው፤ አድሴንስም መለሰኝ። ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የስልክና የኮምፒውተር ብልሽቶችን የሚያብራራ ድረ ገጽ በዎርድፕረስ ከከፈቱ አራት ወር ሆኗቸዋል። 60 ጽሑፍ አውጥተዋል፤ አብዛኛውን ኤአይ አርቅቆት እሳቸው አርመውታል። ገጾች በጉግል ፍለጋ ያሉበትን ሁኔታ የሚያሳየው ሰርች ኮንሶል ኢንዴክስ ሆኗል (ወደ ጉግል የፍለጋ ማውጫ ገብቷል) የሚለው 11 ገጽ ብቻ ነው፤ በቀን የሚገባው ሰው ከ20 አይበልጥም። የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት አድሴንስም ማመልከቻቸውን "ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ይዘት" ብሎ መልሶታል። እናም ባክሊንክ (ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኔ የሚመራ ሊንክ) ልግዛ ወይ፣ በቀን ሁለት ጽሑፍ ማውጣት ልጀምር ወይ፣ ሲፈቀድልኝስ በአንድ ገጽ ስንት ማስታወቂያ ባደርግ ያዋጣኛል ብለው ጠይቀዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሴ "አያድርጉት" ነው። ሦስተኛው ጊዜው ገና ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ኢንዴክስ አለመሆኑና የአድሴንስ እምቢታ ሁለት ችግር ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። የሚመረምሩት ክፍሎች ቢለያዩም ያነበቡት ያንኑ ገጽ ነው፤ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አላገኙበትም።

ቅደም ተከተሉን ለማየት ከገቢው ሒሳብ እንነሳ። የማስታወቂያ ገቢ የተከፈቱ ገጾች ብዛትና በአንድ ሺህ ገጽ የሚገኘው ገቢ ብዜት ነው፤ ሁለተኛውን በሙያው አርፒኤም እንለዋለን። በቀን 20 ሰው ገብቶ እያንዳንዱ በአማካይ አንድ ገጽ ተኩል ቢያይ በወር 900 ገጽ ይሆናል። አርፒኤሙን ለምሳሌ ያህል 2 ዶላር እንበለው፤ የወሩ ገቢ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። በዶላር ለሚከፈላቸው አድሴንስ ገንዘብ የሚለቀው 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ይደርሳል ማለት ነው። ገጹን በማስታወቂያ አጨናንቀው አርፒኤሙን ወደ 3 ዶላር ቢያደርሱት እንኳ ከሦስት ዓመት በላይ ይጠብቃሉ። አርፒኤሙ ሳይነካ ጎብኚው በቀን 1,000 ቢደርስ ግን በወር 45,000 ገጽ፣ 90 ዶላር ይሆናል። አሁን የጎደለዎት ጎብኚ ነው፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ይዋል።

በሩ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ

ሰርች ኮንሶል ውስጥ "ፔጅስ" የሚለውን ሪፖርት ይክፈቱ። ያልገቡት 49 ገጾች በየምክንያታቸው ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይደነግጥና ምክንያቱን ሳያነብ ይዘጋዋል። ሕክምናው ግን በምክንያቱ ይለያያል።

"ኖኢንዴክስ ታግ አግዶታል" የሚል ካለ፣ ማለትም ገጹ ላይ ኢንዴክስ እንዳይሆን የሚያዝ ምልክት ካለ፣ በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት። በዎርድፕረስ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለው ቦታ ላይ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳያስገቡ የሚጠይቅ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ድረ ገጹ ሲሠራ ምልክት ተደርጎበት ከዚያ የሚረሳው ነገር ይህ ነው። ምልክቱን ያንሱት። የኤስኢኦ (የፍለጋ ደረጃን የማሻሻል ሥራ) ፕለጊን ከጫኑም በየጽሑፉ ግርጌ የራሱ የኖኢንዴክስ ምርጫ ስላለው እሱንም ይዩ።

የፍለጋ ሞተሮች የትኞቹን ገጾች መጎብኘት እንደሚችሉ የሚነግረውን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ ፋይልን በተመለከተ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ይህ ፋይል የሚከለክለው መጎብኘትን እንጂ ኢንዴክስ መሆንን አይደለም። አንድ ገጽ ከፍለጋ እንዲወጣ ፈልገው ኖኢንዴክስ ካደረጉበት በኋላ በሮቦትስ ፋይሉም ቢዘጉት፣ ጉግል ገጹን መክፈት ስለማይችል ኖኢንዴክስ የሚለውን አያነበውም፤ ገጹም በውጤቶቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ገጹ ከፍለጋ እንዲወጣ ኖኢንዴክሱን ብቻ ይጠቀሙ።

"ተገኝቷል፣ ግን ኢንዴክስ አልሆነም" ማለት ጉግል አድራሻውን ያውቀዋል፣ ገና አልጎበኘውም ማለት ነው። አዲስ ድረ ገጽ ላይ ይህ የሚበዛው ገጹ ሳይትማፕ (የድረ ገጹ አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ከሌሎች ጽሑፎችዎ ወደ እሱ የሚወስድ ሊንክ ሲያጣ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በርዕስ ከሚቀርቡት ሁለት ሦስት ገጾች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወደ እሱ ሊንክ ያድርጉ። "እዚህ ይጫኑ" በሚል ቃል ላይ ሳይሆን "የባትሪ ጤንነት እንዴት ይታያል" በሚል ገላጭ ሐረግ ላይ ይሁን።

"ተጎብኝቷል፣ ግን ኢንዴክስ አልሆነም" የሚለው ከበድ ይላል። ጉግል መጥቷል፣ አንብቧል፣ ትቶት ሄዷል። እዚህ ላይ የሚነካ ሴቲንግ የለም። "ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ" የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫንም አያፋጥነውም። የቀን ገደብ አለው፤ አንዴ ከተጠየቀ በኋላ መደጋገሙ ትርጉም የለውም። የእርስዎ 49 ገጾች በብዛት እዚህ ሥር የተሰለፉ ከሆነ ምርመራው አልቋል፤ ችግሩ ይዘቱ ነው።

ወደ ይዘቱ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ያጽዱ። ድረ ገጹ በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ፣ ባለ ደብሊው ደብሊው ደብሊውና ያለሱ በሚከፈትባቸው አራት መንገዶች ሁሉ አድራሻውን ይሞክሩ። ሦስቱ ወደ አንዱ በ301 (ቋሚ) ማዞሪያ መሄድ አለባቸው። ሁለተኛው የታግ ገጾች፣ ማለትም በአንድ መለያ ቃል ሥር ያሉ ጽሑፎችን የሚዘረዝሩ ገጾች ናቸው። ዎርድፕረስ ለእያንዳንዱ ታግ የራሱን ገጽ ይፈጥራል፤ ለ60 ጽሑፍ 140 ታግ የሰጠ ሰው ሳያውቀው 140 ባዶ ቀረሽ ገጾች ከፍቷል፤ አብዛኞቹም አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። የታግ ገጾቹን ኖኢንዴክስ ያድርጉ፤ ከሳይትማፑም ያውጧቸው። ዎርድፕረስ ከ5.5 ጀምሮ ሳይትማፕ ራሱ ያዘጋጃል፤ ሰርች ኮንሶል ላይ አንዴ ካስገቡት ይበቃል። የሰርች ኮንሶልዎን መረጃ ወደ ቢንግ ዌብማስተር ቱልስም በጥቂት ክሊክ ማሻገር ስለሚቻል አብረው ያድርጉት።

60ውን መቀነስ

ይህ ክፍል ያማል፤ የደከሙበትን ማጥፋት ስለሚጠይቅ። ግን ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኤክሴል ይክፈቱና 60ውንም አድራሻዎች በአንድ ዓምድ ይደርድሩ። በጎናቸው አምስት ዓምድ ይጨምሩ፦ ገጹ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ፣ ኢንዴክስ ሆኗል ወይ፣ የሦስት ወር ኢምፕሬሽን (በፍለጋ ውጤት ላይ የታየበት ብዛት)፣ የሦስት ወር ክሊክ፣ ውሳኔ። የመጀመሪያውን ዓምድ በሰው አነጋገር ይሙሉት፤ "ስለ ባትሪ" ሳይሆን "ባትሪዬ መቀየር እንዳለበት በምን አውቃለሁ" ብለው። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቃተዎት ገጽ ለማን እንደተጻፈም አይታወቅም።

ውሳኔው ይቆይ፣ ይዋሃድ ወይም ይጥፋ ከሚሉት አንዱ ነው። "ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል"፣ "ቻርጀር አልሠራ ሲል"፣ "ስልክ ቻርጅ አይቀበልም" የሚሉ ሦስት ገጾች ካሉዎት እርስ በርሳቸው እየተሻሙ ነው። የሚዋሃዱ መሆናቸውን ለማወቅ ሁለቱን ሐረጎች ለየብቻ ጉግል ላይ ይፈልጉ። በመጀመሪያው ገጽ የሚመጡት ውጤቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ከሆኑ ጉግል ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ይቆጥራቸዋል፤ እርስዎም አንድ ገጽ ያድርጓቸው። ውጤቶቹ ከተለያዩ፣ ለምሳሌ "ቻርጅ አላደርግ" እና "ቻርጅ ሲያደርግ ይግላል" የተለያየ ዝርዝር ካመጡ፣ ሁለት ገጽ ይገባቸዋል።

ሲያዋህዱ ጠንካራውን አድራሻ ያስቀሩ፤ ከሌሎቹ የሚጠቅመውን ሐሳብ ወደ እሱ ያምጡና የቀሩትን አድራሻዎች በ301 ወደ እሱ ያዙሯቸው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞር ግን ስህተት ነው። ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ማዞሪያን ጉግል እንደ ጠፋ ገጽ ስለሚቆጥረው ምንም አያተርፉም። የሚጠፋው ገጽ በቀጥታ ይጥፋ፤ ገጹ የለም የሚለውን 404 ወይም 410 ኮድ ቢሰጥ ችግር የለውም። ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ። ከ60ው 25 ቢቀርዎት አይሸማቀቁ። የድሮውን ጽሑፍ ሳይነኩ ቀኑን ብቻ ማደስ ግን አንባቢን ማታለል ነው፤ ፍለጋ ላይም የሚፈይደው የለም።

ኤአይ መጠቀምዎ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጉግል በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚያየው የይዘቱን ጥራት እንጂ የተሠራበትን መንገድ እንዳልሆነ ገልጿል። በማርች 2024 ያጠበቀው ደንብ ደግሞ በሰውም ይሠራ በማሽን፣ ፍለጋ ላይ ለመውጣት ሲባል ብቻ በብዛት የሚመረት ጥቅም የለሽ ይዘትን እንደ ስፓም ይቆጥራል። "በቀን ሁለት ጽሑፍ" የሚለው ዕቅድዎ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ነው አያድርጉት ያልኩት። በሳምንት አንድ ጽሑፍ በደንብ ይሥሩ፤ እሱ ይሻላል።

አንድ ገጽ በቅርበት

"ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል" የሚለውን ገጽ እንውሰድ። ደካማው ዓይነት እንዲህ ነው፦ ስልክ የዕለት ተዕለት ሕይወታችን ክፍል ሆኗል የሚል መግቢያ፣ ከዚያ ሪስታርት ያድርጉ፣ ገመድ ይቀይሩ፣ ካልሆነ ባለሙያ ያማክሩ። ምንም ውሸት የለበትም። ግን አንባቢው ይህን ሁሉ ሞክሮ ነው ወደ እርስዎ የመጣው።

ጥሩው ገጽ ጥፋቱን ለይቶ ያሳያል። መልሱን በመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ይሰጣል፦ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ የስልኩን ቀዳዳ፣ በመጨረሻ ባትሪውን ይፈትሹ፤ ሁለቱ ያለ ምንም መሣሪያ በአምስት ደቂቃ ይለያሉ። ከዚያ ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር ያያይዛል። ገመዱ ቀድሞ ሲገባ "ጠቅ" ይል የነበረ አሁን ከላላ ወይም እስከ መጨረሻው ካልገባ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ብናኝ ይኖራል፤ ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው፤ መርፌ በቀዳዳው ውስጥ ያሉትን የብረት ጫፎች ስለሚያገናኝ አይሆንም። ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የሚያዘግም ከሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ መደበኛው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልት በ0.5 አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ስለሆነ ከ18 ዋት ቻርጀር ጋር ሲነጻጸር ከሰባት እጅ በላይ ያነሰ ነው። ከ80 በመቶ በኋላ መዘግየቱም የሊቲየም ባትሪ ተፈጥሮ ነው፤ ሲሞላ ጅረቱ ይቀንሳል። ስልኩ በጣም ከጋለ ወይም ከዜሮ ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ባትሪውን ለመጠበቅ ቻርጁን ራሱ ሊያቆም ይችላል።

ከዚህ በኋላ ማንም ያልሠራውን ይጨምሩበት። የዩኤስቢ መለኪያ ይዋሱና ሦስት ገመድ በአንድ ቻርጀር ላይ እየቀያየሩ የሚያልፈውን ጅረት ለክተው በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ብናኝ ያለበትንና የጸዳውን ቀዳዳ ፎቶ ያንሱ። ኤአይ ይህን ሊያረቅልዎት አይችልም፤ ሌላ ድረ ገጽም የለውም። "ዝቅተኛ ዋጋ" የተባለው ገጽ ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ነው፤ ቃላቱን ከ350 ወደ 1,500 በማብዛት አይደለም። ጥያቄው በ600 ቃል ከተመለሰ 600 በቂ ነው።

ርዕሱ ይህን ልዩነት ይናገር፦ "ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል፦ ጥፋቱ የገመዱ፣ የቀዳዳው ወይስ የባትሪው? መለያ መንገዶች"። ዋናው ሐረግ ፊት ላይ ይምጣ፤ ረጅም ርዕስ ስልክ ላይ ስለሚቆረጥ። በፍለጋ ውጤት ከርዕሱ ሥር እንዲወጣ የሚጻፈው አጭር መግለጫ፣ ሜታ ዲስክሪፕሽን፣ ደረጃ አያሳድግም፤ ነገር ግን ውጤቱን የሚያየው ሰው ክሊክ እንዲያደርግ ሊያሳምን ይችላል። ኪወርድ የሚሞላበትን የድሮ ሜታ ታግ ይተውት፤ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው በ2009 ነው። ገጹ ላይ ዋና የሚሉት ፎቶ ቢያንስ 1,200 ፒክሰል ስፋት ይኑረው፤ ጉግል ሰው ሳይፈልግ ጽሑፍ በሚጠቁምበት ዲስከቨር ላይ በትልቁ ለመውጣት ይረዳል።

እንዲህ ያሉ 10 ገጾች ከሠሩ በኋላ መጠበቅ አለ። ጉግል ራሱ የኤስኢኦ ሥራ ውጤት ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚፈጅ ይናገራል። በየቀኑ ደረጃ ማየት ይተዉና በወር አንዴ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የፐርፎርማንስ ሪፖርትን ይክፈቱ። አማካይ ደረጃቸው ከ8 እስከ 20 የሆኑትን የፍለጋ ሐረጎች ያጣሩ፤ ከእነሱም ብዙ ኢምፕሬሽን ያላቸውን ይምረጡ። አንድ ሐረግ 900 ጊዜ ታይቶ 4 ጊዜ ብቻ ከተከፈተና ደረጃው 11 ከሆነ፣ ጉግል ገጽዎን ለዚያ ጥያቄ አስቦታል ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ አላወጣውም። ሐረጉን ከጽሑፍዎ ጋር ያስተያዩት። ብዙ ጊዜ ጥያቄው በጽሑፉ መሀል በአንድ መስመር ተነክቶ ታልፏል፤ የራሱ ንዑስ ርዕስና ሙሉ መልስ ይስጡት። አዲስ ጽሑፍ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ ሰዓት ብዙ የሚያስገኘው ሥራ ይህ ነው።

በአንድ ቃል የሚመለሱ ጥያቄዎች ላይ ግን ጊዜዎን አያጥፉ። መልሱን ጉግል እዚያው የውጤቱ ገጽ ላይ ስለሚያሳይ ሰው ወደ እርስዎ መምጣት አያስፈልገውም። መለየት፣ መለካት፣ ደረጃ በደረጃ መፍታት የሚጠይቁትን ይያዙ።

ባክሊንክ

ሊንክ መግዛት የጉግልን የስፓም ፖሊሲ ይጥሳል። ቅጣት ባይመጣ እንኳ ገንዘቡ የሚባክንበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ስፓምብሬን የሚባለው ሥርዓት የተገዛውን ሊንክ ለይቶ ዋጋውን ዜሮ ያደርገዋል። የሚሸጡት ሰዎች የሚያሳዩዎት "የዶሜን ነጥብ" የሌሎች ድርጅቶች ግምት ነው፤ ጉግል አይጠቀምበትም። ከላይ ያልኩት የገመድ ልኬት ሠንጠረዥ ግን ሌላ ጸሐፊ እንደ ማስረጃ የሚጠቅሰው ነገር ነው። በርዕስዎ ዙሪያ የሚጽፉ ሰዎች ገጽ ላይ የማይከፈት ሊንክ ሲያገኙ ስህተቱን ነግረው የእርስዎን ገጽ በምትክ መጠቆምም ይቻላል፤ አጭርና ትሑት መልእክት ይበቃል።

ፍጥነት

እዚህ ብዙ አይቆዩ። ሦስት ቁጥሮች ይበቁዎታል፦ ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሲነካ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይመልስ፣ የገጹ መንቀጥቀጥ ነጥብ ከ0.1 አይብለጥ። እነዚህ ከእውነተኛ ጎብኚዎች ጉብኝት በ75ኛው ፐርሰንታይል ላይ የሚለኩ ናቸው፤ ማለትም ከ100 ጉብኝት ቢያንስ 75ቱ ሊያሟሏቸው ይገባል። ፎቶዎቹን ዌብፒ ወደተባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ይቀይሩ፤ የማይጠቀሙበትን ፕለጊን ይንቀሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ፎቶዎችን ዘግይቶ የሚጭነው ሌዚ ሎድ ከላይ ያለውን ዋና ፎቶ እንዳይነካው ያድርጉ፤ ገጹን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም።

አድሴንስ

እንደገና የሚያመለክቱት ቅነሳውና ማሻሻሉ ካለቀ፣ የቀሩት ገጾችም በአብዛኛው ኢንዴክስ ከሆኑ በኋላ ነው። በመመሪያው የተቀመጠ የጽሑፍ ብዛትም የጎብኚ ብዛትም የለም፤ "30 ጽሑፍ ያስፈልጋል" የሚባለው ወሬ ነው። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የጽሑፉ ዋና ቋንቋ አድሴንስ በሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ቀድመው ያረጋግጡ፤ ከሌለ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር ኮዱን እዚያ ገጽ ላይ ማድረግ አይፈቀድም። የግላዊነት ፖሊሲ ገጽዎ ሦስተኛ ወገኖች ኩኪ ተጠቅመው ማስታወቂያ እንደሚያሳዩ በግልጽ ይናገር። ምናሌው ላይ ባዶ ምድብ ወይም "በቅርቡ ይጠብቁ" የሚል ገጽ አይኑር። ውሳኔው ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል።

ሲፈቀድ የማስታወቂያ ቦታዎን ማን እንዲሸጥ እንደፈቀዱ የሚያሳውቀውን አድስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለውን ፋይል በድረ ገጹ ሥር ያስቀምጡ። አንድ መስመር ነው፤ የጉግል ዶሜን፣ የእርስዎ የአሳታሚ ቁጥር፣ "ዳይሬክት" የሚል ቃልና አንድ የማረጋገጫ ኮድ በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ይጻፉበታል። አድሴንስ ሙሉውን መስመር ስለሚሰጥዎት ቀድተው ይለጥፉት፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ የማስታወቂያ ቦታ ገዢዎች ቦታዎን እንደ ሐሰተኛ ሊያልፉት ይችላሉ። ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና፣ ከእንግሊዝ ወይም ከስዊዘርላንድ ጎብኚ የሚመጣ ከሆነ በጉግል የተረጋገጠ የፈቃድ መጠየቂያ መልእክት ያስፈልጋል። አድሴንስ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሜሴጂንግ" በሚለው ክፍል በነጻ ይዘጋጃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ። በአንድ ገጽ ከሦስት ይጀምሩ፦ አንዱ ከመጀመሪያው መልስ በታች፣ አንዱ መሀል ላይ፣ አንዱ በጽሑፉ መጨረሻ። ከመጀመሪያው መስመር በላይ አያድርጉ፤ ስልክ ላይ 300 በ250 ፒክሰል ማስታወቂያ መልሱን ከዓይን ያወጣዋል፣ ሰውም ይመለሳል። ለብዛቱ ጥሩ መለኪያ የቤተር አድስ ስታንዳርድ ነው፦ ስልክ ላይ የማስታወቂያዎቹ ቁመት ድምር ከዋናው ይዘት ቁመት 30 በመቶ መብለጥ የለበትም። የይዘቱ ቁመት 4,000 ፒክሰል ከሆነና እያንዳንዱ ማስታወቂያ 280 ቢይዝ፣ ሦስቱ 840 ማለትም 21 በመቶ ናቸው፤ አምስት ቢሆኑ ግን 1,400፣ 35 በመቶ ይደርሳሉ። ይህን ደንብ ደጋግሞ የሚጥስ ድረ ገጽ ላይ ክሮም ማስታወቂያዎቹን በሙሉ ሊያግድ ይችላል፤ ከ2018 ጀምሮ ይሠራበታል።

ብዛት የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ። አድሴንስ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚከፍለው በክሊክ ሳይሆን በኢምፕሬሽን፣ ማለትም ማስታወቂያው በቀረበበት ብዛት ነው። አስተዋዋቂዎች ደግሞ ማስታወቂያው በእርግጥ መታየቱን ይለካሉ፤ የተለመደው መለኪያ ግማሽ ስፋቱ ቢያንስ ለአንድ ሰከንድ ማያው ላይ መቆየቱ ነው። ማንም ወርዶ የማያየው ግርጌ ላይ የተደረደረ ማስታወቂያ የቦታዎን የመታየት መጠን ያወርዳል፣ ገዢውም የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። አስተዋዋቂው ከሚከፍለው ላይ የገዢው መድረክ (አስተዋዋቂው ቦታ የሚገዛበት አገልግሎት) ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የእርስዎ ድርሻ 80 በመቶ ነው፤ ገዢው በጉግል አድስ በኩል ከመጣ በአማካይ ከጠቅላላው 68 በመቶ ያህል ይደርስዎታል።

ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ቦታ በሲኤስኤስ (የገጹን ገጽታ በሚወስነው ኮድ) ዝቅተኛ ቁመት፣ ለምሳሌ 280 ፒክሰል፣ አስቀድመው ይያዙለት። ካልያዙለት ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ የሚያነበው ሰው መስመሩን ያጣል፣ ሊንክ ሊነካ የነበረ ጣትም ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ በስህተት የሚደረግ ክሊክ ብዛት ሒሳብ ሊያዘጋ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ማስታወቂያን ከምናሌ ወይም ከዳውንሎድ ቁልፍ አጠገብ አያድርጉ፤ በላዩም "ጠቃሚ ሊንኮች" የሚል ርዕስ አይጻፉ፣ "ማስታወቂያ" ብቻ ይበሉት።

የራስዎን ማስታወቂያ ራስዎ አይንኩ፤ ወዳጅም ቤተሰብም "ለመርዳት" እንዳይነካ አጥብቀው ይንገሩ። ትራፊክ አይግዙ። ሒሳብ በሐሰተኛ ትራፊክ ሲዘጋ የተጠራቀመው ገንዘብ ለአስተዋዋቂዎች ይመለሳል፤ በሌላ ስም አዲስ ሒሳብ መክፈትም አይፈቀድም። ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ የሚያረጋግጥ ፒን በፖስታ ይላካል፤ በ4 ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያ መታየቱ ይቆማል። ስለዚህ ሲመዘገቡ ፖስታ በእርግጥ የሚደርስበትን አድራሻና በባንክ ሒሳብዎ ላይ ያለውን ስም በትክክል ይጻፉ። ክፍያው የሚለቀቀው በወሩ ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ነው።

ማሻሻያ ሲሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ በቀን 20 ሰው ላይ ግን ሙከራ የሚባል ነገር የለም፣ ልዩነቱ ዕድል ነው። አርፒኤም ከጎብኚው አገር፣ ከርዕሱና ከወቅቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዓመቱ የመጨረሻ ሦስት ወራት አስተዋዋቂዎች በጀታቸውን ስለሚያፈሱ ከፍ ይልና ጃንዋሪ ላይ ያሽቆለቁላል፤ ያኔ የማስታወቂያ ቦታዎችን ማተራመስ አይጀምሩ። ጃንዋሪን ከዲሴምበር ጋር ሳይሆን ካለፈው ጃንዋሪ ጋር ያወዳድሩ። ሰርች ኮንሶልም የፍለጋ መረጃን ከ16 ወር በላይ ስለማያስቀምጥ በየወሩ መጨረሻ ወደ ኤክሴል አውርደው ያኑሩት።